የሾፌሩ ሆድ

አውቶቡሱ ድልድዩ መሀል ላይ ቆመ። ከፊቱ የጭነት መኪና፣ ከጭነት መኪናው ፊት ሌላ የጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ቀይ የፍሬን መብራት። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳበና በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ የቆመውም ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ከበስተኋላው ባለችው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ዛሬ አነዳዱን የሚመዝኑት ፈታኝ ተቀምጠዋል። ከድርጅቱ ግቢ ከወጡ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሲያሻቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እጁን ያያሉ፤ ሲያሻቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ይኼኔ ሆዱ አጉረመረመ።

ሾፌሩ መሪውን ጨበጠ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው፤ አንዱ ከፍታ፣ አንዱ ውሻ፣ አንዱ አማቱን። እሱ የሚፈራው ይህን ድልድይ ነበር። ከድልድዩ በፊት ያለው የመጨረሻው ሽንት ቤት ነዳጅ ማደያው ውስጥ ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለው ደግሞ ዳገቱ ካለቀ በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት። በመሀል ውኃና ሰማይ ብቻ ነው። ሌላው ሾፌር ከተማውን በመንገዱና በአደባባዩ ሲያውቀው፣ እሱ በሽንት ቤቱ ነበር የሚያውቀው። የትኛው በር እንደሚጣበቅ፣ የትኛው ካፌ ካልገዙ እንደማያስገባ፣ የትኛው ዘበኛ አንጀቱ እንደሚራራ፣ የትኛው ፊት እንደማይሰጥ በቃሉ ይዞታል።

«አሁን አይሆንም» አለ በሆዱ፤ ለሆዱ።

ሆዱ እንደገና አጉረመረመ፤ አሁንስ ጮክ ብሎ።

ሕመሙ የጀመረው ከዓመታት በፊት ነው። የትልቁ አንጀቱ ውስጠኛው ግድግዳ ቆሰለ። ያኔ ያየው ሐኪም «የሰውነትህ ወታደሮች ጠላት የገባ መስሏቸው የገዛ ቤታቸውን ይደበድባሉ» ብሎ አስረዳው። ደም ይወጣው ነበር። ቁርጠቱ ሲመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። መንገድ ላይ ከያዘው አውቶቡሱን ዳር ያስይዝና ተሳፋሪውን «አንዴ ብቻ!» ብሎ ይሮጣል። የሥራ ባልደረቦቹ «ፌርማታ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን ያወጣው የጋራዡ መካኒክ ነው፤ እሱን ራሱን ደግሞ «መፍቻ» ይሉታል፣ የማይፈታው ብሎንና የማይገባበት ወሬ ስለሌለ። «ከፌርማታ ውጪ የሚቆም ብቸኛው ፌርማታ!» እያለ ጋራዡን ያስቀው ነበር። ሾፌሩም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። አቤቱታ ሲበዛ ከመሪው አንሥተው የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል አስቀመጡት።

ከሕመሙ ይልቅ ያ ነው ያንገበገበው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መሪ ይዞ የኖረ ሰው መደርደሪያ ተደግፎ ብሎንና ቺንጋ ሲያድል መዋል ምን እንደሚመስል ለሚስቱ እንኳን አልነገራትም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። የእሱ ሆድ ግን ራሱ እየተፈጀ ስለነበር ሌላ ነገር የሚፈጅበት አቅም አልነበረውም።

መድኃኒት ሞከረ። መድኃኒቱ ፊቱን እንደ ሙሉ ጨረቃ አሳበጠው፤ እንቅልፍ ነሣው፤ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሰው አደረገው። አንጀቱን ግን ያበርደው ነበር እንጂ አላዳነውም። በመጨረሻ ትልቁ አንጀት ተቆርጦ ቢወጣና ሆዱ ላይ ከረጢት ቢንጠለጠል እንደሚሻል ነገሩት። እያሰበበት ሳለ አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ ክፍሏ ጠራችው። ብቻውን አልሄደም፤ ሚስቱም አብራው ነበረች።

«ሌላ መንገድ አለ» አለችው ሐኪሟ። «ገና በጥናት ላይ ያለ ነው። ያድንዎታል ብዬ አልምልልዎትም። እስካሁን የወሰዱት ሰዎች ላይ ያየነው ግን ጥሩ ነው።»

«ምንድን ነው? መርፌ ነው?»

«እንክብል ነው። ውስጡ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ አለ።»

ሚስቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። እሷ በሌላ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዕቃ የምታዘጋጅ ሴት ናት። መቀሱንም፣ መቆንጠጫውንም፣ ቢላውንም አጥባ፣ በእንፋሎት ቀቅላ፣ አንዲት ተህዋስ እንዳትቀርበት አድርጋ ነው የምታስረክበው። ቤቷም እንደ ሥራ ቦታዋ ነው፤ ከበሩ ቀጥሎ ጫማ ማውለቂያ፣ ከጫማው ቀጥሎ ሳሙና።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ጀርም ስፈጅ ኖሬ፣ ባሌ በሆዱ ጀርም ያርባ?»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የንቀት አልነበረም። ወንበሯን ወደ ሴትየዋ አስጠጋች።

«ይቺ ባክቴሪያ ወተት ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች ጋር ዘመድ ናት። እኛ ሥራ ነው ያስተማርናት። በዘረመሏ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ጨመርንላት። የሰው ሰውነት የቁስልን ቁጣ የሚያበርድበት ንጥረ ነገር አለ፤ እሱን እንድትሠራ። እስካሁን የሚወስዱት መድኃኒት መላ ሰውነታቸውን ያጥለቀልቃል። እሷ ግን ቁስሉ አጠገብ ሆና፣ እዚያው ሠርታ እዚያው ትሰጣለች።»

«ብትራባስ? ወደ እኔ ብትተላለፍስ? ወደ ልጄስ?»

«ለመኖር የግድ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ራሷ እንዳትሠራ አድርገናታል። ትንሽ ስንቅ ይዛ ትገባለች፤ ስንቋ ሲያልቅ ትሞታለች። ከሰውነት ከወጣችም አትቆይም። ለዚህ ነው በየቀኑ አዲስ መዋጥ ያለባቸው።»

«የቀን ሠራተኛ ናት በይኛ» አለ ሾፌሩ።

«አዎ፣ የቀን ሠራተኛ።»

ሚስቱ አልሳቀችም። «የቀን ሠራተኛ ተቆጣጣሪ ካልቆመበት ይለግማል» አለች።

«እንግዲያው ተቆጣጣሪዋ እርስዎ ይሁኑልን።»

ሆነችም። ፎጣውን ለየች፤ ብርጭቆውን ለየች፤ ሽንት ቤቱን ጠዋትና ማታ በበረኪና ስትፈትግ እጇ ተላጠ። እንክብሉን ግን አንድም ቀን አላስረሳችውም። በየጠዋቱ አጠገቡ ቆማ «ሠራተኞችህን አስገባሃቸው?» ትለዋለች፤ እሱም አፉን ከፍቶ ያሳያታል፤ እንደ ሕፃን። መጀመሪያ ደሙ ቀነሰ። ከዚያ ቁርጠቱ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተነሣ ገባው፤ ሚስቱን ቀሰቀሳትና ነገራት፣ እሷም «ለዚህ ነው እንዴ የቀሰቀስከኝ?» ብላ ተቆጣችው፤ ተቆጥታም ተመልሳ መተኛት አቃታት።

ወራት አልፈው ሐኪሟ በካሜራ ቱቦ አንጀቱን ስታይ ሚስቱ ስክሪኑ ፊት ቆማ ነበር። ከመጀመሪያው ምርመራ የተቀረጸውን አይታዋለች፤ የተገሸለጠ፣ ደም የሚያዥ ሥጋ ነበር። አሁን የምታየው ለስላሳ፣ ነጣ ያለ ሮዝ ግድግዳ ነው።

«ይሄ የእሱ ነው? አልተሳሳታችሁም?»

«የእሳቸው ነው። ይኸው እየሄድንበት ነው።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ የታጠበ መቀስ ብርሃን ላይ እያገላበጠች እንደምታይ፣ ብዙ ቆይታ አየችው። «እኔ የማምነው ያየሁትን ነው» አለች። ቤት እንደደረሱ ለብቻው ያስቀመጠችውን ፎጣና ብርጭቆ ምንም ሳትናገር ከሌላው ጋር ቀላቀለችው።

ሾፌሩ ወደ መሪው ልመለስ ብሎ ያመለከተው ከዚያ በኋላ ነው። ወሬው ግን ቀድሞት ነበር። መፍቻ «ፌርማታ ሆዱ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ» ብሎ ቀለደ፤ ቀልዱ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ቀልድነቱ እየቀረ መጣ። እሱ የነካውን የበር እጀታ በክርናቸው የሚከፍቱ ሰዎች ታዩ። የስምሪት ኃላፊዋ፣ ከሁሉም ቀድመው ሥራውን የጀመሩና ሾፌሮቹን እንደ ልጅ የሚያዙ ሴት፣ አስጠርተው በር ዘጉ።

«ሐኪሞቹ መንዳት ትችላለህ ብለዋል። እኔም አምኛለሁ» አሉት። «ግን ሰው ጀርም የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮውን ነው የሚደፍነው፤ ማብራሪያህን አይጠብቅም። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ቢለቀው ነገ ባዶ አውቶቡስ ነው የምትነዳው። ፈተናውን ካለፍክ መሪው ያንተ ነው። ስለ እንክብሉ ግን ለተሳፋሪ ትንፍሽ እንዳትል።»

«በሆዴ እይዘዋለሁ።»

«በሆድህ መያዝህንማ መች አጣሁት?» አሉ ኃላፊዋ። ሁለቱም ሳቁ። እሱ ግን መደበቁን ሳይወደው ወጣ።

እና አሁን፣ ድልድዩ መሀል፣ ሆዱ ያጉረመርማል። ቁርጠቱን ጠበቀ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ከዚያ እንደ ቢላ ይመጣል። ግንባሩ ወዛ። ከፊቱ ያለው መኪና ንቅንቅ አላለም። ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ሆዱ ጮኸ እንጂ አላመመውም፤ የጎደለው ነገር እንዳለ ሁሉ ባዶ ባዶ ይለዋል።

ፈታኙ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም፣ ጋሼ። ፈርቼ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው? እዚህ ድረስ ይሰማኛል እኮ። ርቦህ ነው።»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አያቸው፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። ራብ! ስንት ዓመት ሙሉ ምግብ ማለት ለእሱ ሕመም ስለነበረ፣ የሚበላው ሚስቱ እየለመነችው፣ ሰዓት እየጠበቀ፣ እንደ መድኃኒት ነበር። የራብን ድምፅ ረስቶታል። የገዛ ሆዱ «አብላኝ» ሲለው «ልገልህ ነው» ያለው መስሎት መሪ ጨብጦ ያልበዋል። ፈታኙ ከኪሳቸው አንድ ብስኩት አውጥተው በትከሻው በኩል አቀበሉት።

«መኪና ቆሞ ስለሆነ ነው። ሲንቀሳቀስ እንዳላይህ።»

መንገዱ እስኪከፈት ብስኩቱን ጨርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የነዳው የድሮው ሾፌር ነው። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ሳያስጨንቅ ወጣው። ፌርማታ ላይ ሲደርስ የቆመ ሰው እንዳይንገዳገድ ፍሬኑን እንደ እንቁላል ነበር የሚረግጠው። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ አንድ ሽማግሌ ሲወርዱ ጎማው ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ በጣት ያህል ብቻ ነበር የራቀው። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ኋላ ተደገፉ። ለሚያውቃቸው ሰው ይህ ጭብጨባ ማለት ነው።

አውቶቡሱ ወደ ቀለበት መንገዱ ገባ። እዚያ ፌርማታ የለም፤ በቀኝ ረጅም የፋብሪካ አጥር፣ በግራ የመኪና ጎርፍ ነው። ይህን ጊዜ አንዲት ወጣት ሴት ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች። የቢሮ ልብስ ለብሳለች፤ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ጋ ያውርዱኝ።»

«እዚህ መቆም ክልክል ነው፣ ልጄ። ፌርማታው አደባባዩን ካለፍን በኋላ ነው።»

«እስከዚያ አልደርስም» አለች። ድምፅዋ ከመውጣቱ ጠፋ።

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አለ። ዓይኗ እሱን አያይም፤ አጥሩን፣ በሮቹን፣ ርቀቱን ይለካል። ይህን አስተያየት ያውቀዋል። በገዛ መስተዋቱ ውስጥ ለዓመታት አይቶታል። ከኋላው ፈታኙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ፍሬቻ አሳየ። ዳር ያዘ። የአደጋ መብራቱን አብርቶ በሩን ከፈተ።

«ያ አረንጓዴ በር ይታይሻል? የዱቄት ፋብሪካው ነው። ዘበኛውን ‹የአውቶቡስ ሾፌሩ ልኮኝ ነው› በዪው፤ ያውቀኛል። ገብተሽ በስተግራ። አትቸኩዪ፣ እንጠብቅሻለን።»

ወርዳ ሮጠች። አውቶቡሱ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ።

«ኧረ ሾፌር፣ ሥራ አለን!»

«ታክሲ አደረገው እኮ!»

«ይሄ ሰውዬ ያ ፌርማታ የሚሉት አይደለም እንዴ? ተሻለው ብለው መለሱት?»

መሀል ላይ የቆመ ሱፍ የለበሰ ሰው ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሾፌሩ አየው። ሞተሩ ሞቀ ቢል ማንም አይመረምረውም፤ ኃላፊዋም ያመሰግኑታል። እጁ ማርሹ ላይ ቆየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«መኪናው ደህና ነው» አለ። «ሰው ታሞ ነው። ፌርማታ የምትሉት እኔ ነኝ፤ ሕመሙን አውቀዋለሁ። አንጀቴ ቆስሎ ከመሪው ተነሥቼ ነበር። አሁን ሐኪሞች ሥራ ያስተማሯትን ባክቴሪያ በእንክብል እየዋጥኩ ነው የዳንኩት። ዛሬ ጠዋትም ውጫለሁ። በዚያው ሆድ ነው ይኸው ድልድዩን ያሻገርኳችሁ። የሚፈራ ሰው ካለ፣ የሚቀጥለው አውቶቡስ ከኋላ እየመጣ ነው።»

 መስኮቱ ጋ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን አወጡ።

«አንተ ልጅ፣ በሽታው ይጋባል?»

«አይጋባም፣ እማማ።»

«ባክቴሪያው አልከው ምን አልከው፣ እሱስ?»

«እሷም ከእኔ ወጥታ አታድርም። ስንቋ ያልቃል።»

«እንግዲያው ምን ያስጮኸናል? የልጅቷን ገመና ነው እንጂ የምናወጣው።» ወደ ባለ ስልኩ ዞሩ። «አንተም ያንን ነገርህን አውርደው፤ እጅህ አይዝልም?»

ሳቅ ፈነዳ። አንድ ሰውዬ ግን ኮቱን ሰብስቦ በሁለቱም ወገን ማንንም ላለመንካት እየተጠነቀቀ ወረደ። ሁለት ሴቶችም ተያይተው ተከተሉት። ሾፌሩ እንዲወርዱ ከበሩ ዞር አለላቸው፤ «በሰላም ግቡ» አላቸው፣ ከልቡ ነበር። ባለ ስልኩ ስልኩን አላወረደም። ሾፌሩም አልለመነውም።

ወጣቷ ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ነበር። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ከአጠገባቸው አንሥተው ወንበሩን መታ መታ አደረጉላት። ሾፌሩ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ለሌላው ሰው በማይሰማ ድምፅ፣ «መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሳታናግሪኝ እንዳትወርጂ። የምትሄጂባትን ሐኪም እነግርሻለሁ» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ቀና ብላም አየችው።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቀበቶውን ሲያስር ፈታኙ በትከሻው በኩል ጠጋ አሉ።

«ነድተሃል» አሉ በለሆሳስ። «አነዳድህ ላይ አንድም ነቀፋ የለኝም። ግን ከፌርማታ ውጪ ቆመሃል፤ ምክንያቱን ማመልከት አለብኝ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ሞተሩ ሞቆ ነበር ካልኩ ነገሩ እዚህ ያልቃል። ሥራዬን የጀመርኩት ዛሬ አይደለም፤ ለሰው የሚሆን ቃል አላጣም። እውነቱን ካልኩ ግን ስምሪት ኃላፊዋ ፊት ትቀርባለህ። የተናገርከውም አብሮ ይነሣል። ምን ልበል?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። በመስተዋቱ ተሳፋሪውን አየ፤ አሮጊቷ ለወጣቷ አንድ ነገር እያወሩላት ነው፣ ባለ ስልኩ አንገቱን ደፍቶ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፣ የቀረው ሰው መስኮት መስኮቱን ያያል።

«እንደሆነው ይበሉ» አለ። «ስምሪት ስቀርብ ሚስቴን ይዤ እቀርባለሁ። ጀርም ከፈሩ እሷን ይጠይቋት።»

የአደጋ መብራቱን አጠፋ፤ ፍሬቻ አሳየና ወደ መኪናው ጎርፍ ገባ።